የሰመር ደመወዝዎ ለስንት ይካፈላል?

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ረዳት ፕሮፌሰር ነኝ። የተቀጠርኩት ለ9 ወር የትምህርት ዘመን በ90,000 ዶላር ነው፤ ክፍያው ግን ለ12 ወር ተከፋፍሎ በየወሩ 7,500 ዶላር ይገባልኛል። ዘንድሮ ባገኘሁት የፌዴራል ግራንት ሁለት የሰመር ወራት በምርምር ላይ እሠራለሁ። የትምህርት ክፍላችን የበጀት ሠራተኛ ወሩን በ7,500 አስልታ 15,000 ዶላር ብቻ ያዘችልኝ። መብቴ እስከ ምን ድረስ ነው?

መልስ፦ ሒሳቡ ተሳስቷል። 7,500 ዶላር ደመወዝዎ የሚከፈልበት መንገድ እንጂ የአንድ ወር ሥራዎ ዋጋ አይደለም። በሰመር ወራት ባንክ የሚገባልዎ 7,500 በትምህርት ዘመኑ ሠርተው የጨረሱት፣ ተቀንሶ የቆየልዎ ገንዘብ ነው። የወር ተመንዎ የሚገኘው 90,000ን ቅጥርዎ ለሚሸፍነው 9 ወር በማካፈል ነው፤ 10,000 ዶላር ይመጣል። ለሁለት ወር 20,000 ማለት ነው። የቆየልዎን ገንዘብ ሳይነካ የሚከፈል ነው፤ 5,000 ዶላር ሊጎድልብዎት ነበር።

የፌዴራል ግራንት ደመወዝን የሚገዛው ደንብ 2 ሲኤፍአር 200.430 ነው። በደንቡ መሠረት መሠረታዊ ደመወዝ የሚባለው ዩኒቨርሲቲው ለቅጥርዎ የሚከፍልዎ ዓመታዊ ክፍያ ነው፤ ጊዜዎን በማስተማር፣ በምርምር ወይም በአስተዳደር ቢያሳልፉት ለውጥ የለውም። ከዩኒቨርሲቲው ሥራ ውጭ፣ ለምሳሌ የግል ድርጅት አማክረው ያገኙት ገንዘብ አይገባበትም። ግራንቱ የሚከፍለው ከዚህ ደመወዝ ላይ በግራንቱ ሥራ ላዋሉት ጊዜ የሚደርሰውን ድርሻ ነው፤ በሰመርም ቢሆን ከዚሁ ተመን አያልፍም።

ክርክር የሚበዛው በተጨማሪ ክፍያዎች ላይ ነው። አንድ ፕሮግራም እንዲያስተባብሩ በዓመት 9,000 ዶላር ተጨምሮልዎ በቅጥር ደብዳቤዎ ላይ ቢሰፍር፣ አብዛኛውን ጊዜ የመሠረታዊ ደመወዝዎ አካል ይሆናል። ድምሩ 99,000፣ የወሩ ተመን 11,000 ይደርሳል። ለአንድ ተጨማሪ ኮርስ የተከፈለን የአንድ ጊዜ ክፍያ ግን ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አይቆጥሩትም። ወሳኙ የዩኒቨርሲቲው የጽሑፍ ፖሊሲ ነው፤ እሱም ገንዘቡ ከግራንት ሲመጣና ከራሱ ካዝና ሲወጣ በአንድ ዓይነት መንገድ መሥራት አለበት።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልንገርዎ። የፌዴራሉ ደንብ ከ10,000 በላይ እንዳይከፈል ይከለክላል እንጂ 10,000 እንዲከፍል ዩኒቨርሲቲውን አያስገድድም። ስለዚህ “200.430 ተጥሷል” ብለው ቢከራከሩ አያዋጣዎትም። መብትዎ የሚመነጨው ከቅጥር ደብዳቤዎ፣ ከመምህራን መመሪያው፣ የመምህራን ማኅበር ካለም ከኅብረት ስምምነቱ ነው። የ9 ወር ተቀጣሪ የሰመር ወር ተመን የደመወዙ አንድ ዘጠነኛ እንደሆነ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ፖሊሲ ተጽፎ ይገኛል። ያንን አንቀጽ ፈልገው ያግኙ፤ የሚያስረታልዎ እሱ ነው።

ግራንቱ ከብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ከሆነ፣ በበጀት ጥያቄ ላይ ከሁሉም የፋውንዴሽኑ ግራንቶች ተደምሮ በዓመት ከሁለት ወር ደመወዝ በላይ ለመጠየቅ ልዩ ማብራሪያና ፈቃድ ያስፈልጋል። በሌላ ግራንት ላይም ደመወዝ የተያዘልዎ ከሆነ ሁለቱን ይደምሩ። ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶች ደግሞ በዓመታዊ ደመወዝ ላይ የራሳቸው ገደብ አላቸው፤ በ2025 225,700 ዶላር ነበር፣ እርስዎን አይነካዎትም።

ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ፊርማዎ ነው። የሁለት ወር ሙሉ ክፍያ ከወሰዱ፣ ሁለቱንም ወር ለዚያ ምርምር መሥራትዎን በፊርማዎ ያረጋግጣሉ። ከዚያ ውስጥ ሦስት ሳምንቱን አዲስ አበባ ቤተሰብ ሊጠይቁ ከሄዱ ወይም አዲስ የግራንት ማመልከቻ ሲጽፉ ከቆዩ፣ “መቶ በመቶ” ብለው አይፈርሙ። ዬል ዩኒቨርሲቲ በ2008 ለፌዴራል መንግሥት 7.6 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማው፣ ከሌሎች ነጥቦች ጋር፣ ተመራማሪዎች ሌላ ሥራ እየሠሩ የሰመር ጊዜያቸውን በሙሉ በግራንት አስከፍለዋል በሚል ክስ ነበር። ሰመሩ ሦስት ወር ነው፤ ግራንቱ የያዘው ሁለቱን ብቻ ስለሆነ ጉዞዎን ወደ ሦስተኛው ወር ያዙሩት። አለቃዎ ያልሠሩትን ጊዜ እንዲፈርሙ ቢጫንዎት፣ ይህን በማጋለጥዎ የሚደርስብዎን በቀል የፌዴራል ሕጉ 41 ዩ.ኤስ.ሲ. 4712 ይከለክላል። አቤቱታው በቀሉ ከተፈጸመ በ3 ዓመት ውስጥ ለግራንት ሰጪው መሥሪያ ቤት ዋና ኢንስፔክተር ይቀርባል።

አሁን ለበጀት ሠራተኛዋ በኢሜይል ይጻፉ፤ ለዩኒቨርሲቲው የግራንት ጽሕፈት ቤትም ግልባጭ ያድርጉ። የቅጥር ደብዳቤዎንና የፖሊሲውን አንቀጽ አያይዘው፣ “90,000 ለ9 ሲካፈል 10,000፤ ለሁለት ወር 20,000” ብለው ሒሳቡን ያስፍሩ። እርሷም ምናልባት የደመወዝ ወረቀትዎን አይታ እንጂ ልትጎዳዎት ብላ አይደለምና፣ ቃናዎ የስህተት እርማት ይሁን። ክፍያው ሳይጀመር ይላኩት፤ ሰመሩ ካለፈ በኋላ ወደ ግራንቱ የሚዛወር ወጪ ምክንያቱ በጽሑፍ ይጠየቅበታል፣ ስህተቱ ከታወቀ 90 ቀን ካለፈው ደግሞ ለማስፈቀድ በጣም ይከብዳል።