ማስታወሻውን የተነጠቀው የፉልዳ አበምኔት

ከፍራንክፈርት በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ያህል የምትርቀው ፉልዳ እ.ኤ.አ. በ744 የተመሠረተ የቤኔዲክት መነኮሳት ገዳም ነበራት። ከአበምኔቶቹ ሁሉ ለእኛ ለተማሪዎች የሚቀርበን ራባኑስ ማውሩስ ነው።

በ780 ገደማ ማይንዝ ተወልዶ በልጅነቱ ለገዳሙ ተሰጠ። ኋላም ፈረንሳይ ውስጥ ቱር ከተባለው ገዳም ተልኮ ከታላቁ መምህር ከአልኩዊን ተማረ። የፉልዳው አበምኔት ራትጋር ግን ከትምህርት ይልቅ ግንባታ የሚወድ ሰው ነበር፤ መነኮሳቱን በሥራ አደከማቸው፣ የራባኑስንም ማስታወሻዎች ወሰደበት። ከመምህራኑ አፍ እየሰማ የጻፋቸው ነበሩና እንዲመለሱለት በግጥም ለመነ። (የእኛ የቆሎ ተማሪ ቢሆን በቃሉ ይዞት ነበር!)

ራትጋር በመነኮሳቱ አቤቱታ በ817 ተሻረ። በ822 ራባኑስ ራሱ ተሾመና በ20 ዓመት ውስጥ የፉልዳን ትምህርት ቤትና ቤተ መጻሕፍት ስመ ጥር አደረገ።

ጎትሻልክ የተባለ ተማሪ ግን፣ እሱም በልጅነቱ በአባቱ የተሰጠ፣ «ልሂድ» አለ። በ829 የማይንዝ ጉባኤ ፈቀደለት። ራባኑስ ለንጉሠ ነገሥቱ ይግባኝ አለ፤ ወላጅ ለእግዚአብሔር የሰጠው ልጅ ከምንኩስና ሊወጣ አይችልም ብሎም መጽሐፍ ጻፈ። ስለ ማስታወሻው ያን ያህል የለመነ ሰው ይህን መጻፉ ለእኔ ይከብደኛል።

በ848 ሁለቱ ማይንዝ ላይ እንደገና ተገናኙ፦ ራባኑስ ሊቀ ጳጳስና ፈራጅ፣ ጎትሻልክ በኑፋቄ ተከሳሽ ሆነው።