«ፍሬን ተበጠሰ» ከማለታችን በፊት

በመኪና አደጋ ዜና ውስጥ «ፍሬን በመበጠሱ» የምትለዋ ሐረግ አትጠፋም። እንደሚታወቀው ለአንድ ዜና «ለምን?» እና «እንዴት?» የሚሉት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት አለባቸው። ለመሆኑ የሚበጠሰው ምንድን ነው? አጎቴ መካኒክ ስለሆነና ቅዳሜ ቅዳሜ ፍሬን ሲሠራ ፔዳል የምረግጥለት እኔ ስለሆንኩ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

አሮጌዋን ቶዮታ ዲኤክስ እንውሰድ። የእግራችንን ጉልበት ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሰው በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ያለው የፍሬን ዘይት ነው። ፈሳሽ ሲጫኑት አይታመቅም፤ አየር ግን ይታመቃል። ስለዚህ አየር ከገባበት እግራችን የሚጨምቀው አረፋውን ነው፤ ፔዳሉም እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል።

ዘይቱ ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል። በደረጃው መሠረት ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች መፍላት የለበትም፤ 3.7 በመቶ ውሃ ከገባበት ግን ገደቡ ወደ 140 ይወርዳል። እንግዲህ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ በከባድ ማርሽ ከመውረድ ይልቅ ፍሬን ይዞ የሚዘልቅ ሾፌር አሮጌውን ዘይት ሊያፈላው ይችላል። እንፋሎቱም እንደ አየር ስለሚታመቅ ፔዳሉ ወለል ይነካል። የተበጠሰ ነገር ግን የለም!

አየሩን ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። መኪናው ታኮ ይደረግለትና የዘይት ማጠራቀሚያው ይሞላል። ሥራው የሚጀመረው ከፔዳሉ ፓምፕ በጣም ከራቀው ጎማ ነው፤ መሪው በግራ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ በመጨረሻ የፊት ግራ። አጎቴ የአየር ማስወጫዋ ቡሎን ላይ የላስቲክ ቱቦ ይሰካና ጫፉን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይነክረዋል። «እርገጥ!» ሲለኝ ረግጬ እይዛለሁ፤ ቡሎኗን ሲያላላ አረፋው እየተንቦጫረቀ ይወጣል። ካጠበቃት በኋላ «ልቀቅ!» ይለኛል። ሳትጠብቅ ከተለቀቀ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። አረፋ እስኪጠፋ ይደጋገማል፤ በመሃል ማጠራቀሚያው ባዶ መሆን የለበትም። የወጣው ዘይት አይመለስም፤ የሞተር ዘይትማ ጎሚኒዎቹን ስለሚያበላሽ ፈጽሞ አይጨመርም።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ፔዳሉ ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ የሚያፈስ ቱቦ ወይም ያረጀ ፓምፕ አለ ማለት ስለሆነ መኪናው መንገድ መውጣት የለበትም። ዘይቱን በየ2 ዓመቱ መቀየር፣ ሸራውንና የላስቲክ ቱቦዎቹን ማስፈተሽም አይረሳ።

በእርግጥ ቱቦ የሚፈነዳበት ጊዜ አለ። ነገር ግን «ተበጠሰ» ብለን ስንጽፍ ጥፋቱን ለብረት ሰጥተን ሰዉን ሁሉ ነፃ እናወጣለን። ዘይቱ መቼ ተቀየረ? ፍሬኑን ማን ፈተሸው? ቁልቁለቱ በስንተኛ ማርሽ ተወረደ? ሰው ለሞተበት ቤተሰብ እነዚህን መጠየቅ የእኛ ሥራ ነው እላለሁ።