ጆሮ ያለው ሁሉ

ጠያቂው ቃሊቲ በሚገኝ የጭነት ማከማቻ ግቢ የሬድዮ ኦፕሬተር የሆነ ወጣት ነው። መላሹ ዕድሜያቸውን በሬድዮ መገናኛ ጥገና ያሳለፉ የአቃቂ ጡረተኛ ናቸው።

ወጣት፦ ጋሼ፣ መሥሪያ ቤታችን አሮጌዎቹን ሬድዮዎች ሰብስቦ ትራንክድ የሚባለውን ሊያስገባ ነው። ፍሪኩዌንሲው በየንግግሩ ስለሚቀያየር ከእንግዲህ ማንም አይሰማችሁም ተብለናል።

አዛውንት፦ ይኼ አባባል ስንቱን አሳሳተ! እስቲ አሁን እንዴት እንደምትሠሩ ንገረኝ።

ወጣት፦ ጥበቃ በቻናል 1፣ ሚዛን በቻናል 2፣ መጋዘን በቻናል 3 ነው።

አዛውንት፦ እሱ ኮንቬንሽናል ይባላል። ቻናሉ ለቡድኑ ተሰጥቷል፤ ቢናገርበትም ዝም ቢልም የእሱ ነው። ጥበቃ ሌሊቱን ዝም ሲል ቻናል 1 ሥራ ፈቶ ያድራል፤ ሚዛን ላይ ደግሞ ሰው እየተሻማ አንዱ የሌላውን ድምፅ ይደፍናል። ቅርብ ለቅርብ ከሆናችሁ ሬድዮ ከሬድዮ በቀጥታ ይገናኛል። ራቅ ካላችሁ ሪፒተር ያስፈልጋችኋል፤ እሱ በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሰማውን በዚያው ቅጽበት በሌላ ፍሪኩዌንሲ መልሶ ይለቀዋል። አቃቂ ዝቅ ያለ ሜዳ ነው። የእጅ ሬድዮ ጉልበቱ 5 ዋት ቢሆን ነው፣ ሕንፃና ጉብታ ያስቆመዋል። እንደ ፉሪ ካለ ተራራ ላይ ሆነህ ግን ሜዳው ሁሉ ወለል ብሎ ይታይሃል፤ ሪፒተር ከፍታ የሚፈልገው ለዚህ ነው።

ወጣት፦ ትራንክድስ?

አዛውንት፦ የታክሲ ተራውን አስብ። ለየሰፈሩ የተመደበው ታክሲ ሰው ኖረም አልኖረም እዚያው ከቆመ ኮንቬንሽናል ነው። ተራ አስከባሪው ባዶ ታክሲ ባገኘ ቁጥር ሰልፍ ወደ በዛበት የሚልከው ከሆነ ትራንክድ ነው። 5 ፍሪኩዌንሲ አለህ እንበል። አንዱ መቆጣጠሪያ ቻናል ይሆናል፣ የቀሩት 4 የሁሉም ናቸው። የመናገሪያውን ቁልፍ ስትጫን ሬድዮህ በመቆጣጠሪያው ቻናል ፈቃድ ይጠይቃል። ኮምፒዩተሩ ክፍት የሆነውን መርጦ አንተንም የቡድንህን ሬድዮዎችም ወደዚያ ይልካል። ቢፕ ሲልህ ትናገራለህ። ሁሉም ከተያዙ ወረፋ ትገባለህ፤ የአደጋ ጥሪ ይቀድምሃል። ክፍት ቻናል ካለ ይኼ ሁሉ ሰከንድ አይሞላም። ብልሃቱ ጥቂቱን ለብዙ ማዳረስ ነው። ሚስጥር መጠበቅ ሥራው አይደለም! መቆጣጠሪያው ትእዛዙን የሚሰጠው በአየር ላይ ነው፤ ያንተ ሬድዮ የሰማውን የሌላ ሰው መቀበያም ሰምቶ ተከትሎህ ይሄዳል።

ወጣት፦ ግን እኛን ማን ብሎ ይሰማናል?

አዛውንት፦ አቃቂ ላይ ቆሞ እንዲህ ይባላል? የአገሪቱ ትልቁ የሬድዮ ጣቢያ እኮ እዚሁ ነበር፤ የሠራውም አንሳልዶ የሚባል የጣሊያን ድርጅት ነው። በ1928 መባቻ፣ የጣሊያን ወረራ ደጃፍ ሲደርስ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለዓለም የተናገሩት ከዚህ ነው። በዚያው ጦርነት ስለተደረገው የማይጨው ውጊያ ሲነሳ ሁሉም የጠላትን አውሮፕላንና መርዝ ይቆጥራል። እውነት ነው፣ ጨርሶናል። ጆሮውን ግን ማንም አይቆጥርም፤ ይኼ ሁሌም ያንገበግበኛል። ጣሊያን የእኛን የሬድዮ መልእክት እየጠለፈ ያነብ ነበር። ከውጊያው ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ንጉሠ ነገሥቱ ለእቴጌ መነን ቴሌግራም ላኩ። ወደ ጠላት ምሽግ ሊገቡ መቁረጣቸውን ገልጸው፣ ይህንንም ለጳጳሱና ለሚኒስትሮቹ በሚስጥር እንዲነግሩ፣ ጸሎትም እንዲያደርጉ አሳሰቡ። የሠራዊታቸው ቁጥር ሳይቀር እዚያው ላይ ነበር። በሚስጥር የተባለው ቃል ጠላት እጅ ገባ! መጋቢት 22 ሊነጋ ሲል ጦራችን ሲነሳ ጣሊያን ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። ስንት ጀግና ነው እዚያ ሜዳ ላይ የቀረው? ጀግንነት አልጎደላቸውም። መልእክቱ በአየር ላይ ነበር፣ አየር ደግሞ አጥር የለውም። ከዚያ ወዲህ ወረራው አለፈ፣ በ1945 ቴሌ ተቋቋመ፣ መንግሥታት ተፈራረቁ፣ ሬድዮውም አንሶ ቀበቶ ላይ ተንጠለጠለ። የሞገድ ጠባይ ግን ያው ነው።

ወጣት፦ አዲሱ እኮ ዲጂታል ነው፣ የተመሰጠረም ነው ብለውናል።

አዛውንት፦ ዲጂታል መሆንና መመሰጠር ለየቅል ናቸው። ምስጠራም ዓይነት አለው። ቴትራ በተባለው የአውሮፓ ስልት ውስጥ ቲኢኤ 1 የሚሉት ምስጠራ አለ፣ ለንግድ ተጠቃሚ የሚሸጥ። ቁልፉ 80 ቢት ነው ተብሎ ስንት ዘመን ታመነ። በ2023 እ.ኤ.አ. የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ሲፈትሹት ውስጥ ለውስጥ ወደ 32 ቢት ይወርዳል፤ ማንም ሱቅ ገብቶ የሚገዛው ኮምፒዩተር ይፈታዋል።

ወጣት፦ ታዲያ ሻጮቹን ምን ብዬ ልጠይቅ?

አዛውንት፦ የትኛው ምስጠራ እንደሆነ በጽሑፍ ይስጡህ። ቁልፉን ማን እንደሚይዝ፣ ሬድዮ ቢጠፋ ከማዕከል እንዴት እንደሚዘጋ ይንገሩህ። መቆጣጠሪያውን ፊትህ አጥፍተው ሬድዮ ከሬድዮ በቀጥታ መገናኘቱን ያሳዩህ፤ እሱ ከሌለ ማዕከሉ የቆመ ቀን ግቢው ሁሉ ድዳ ይሆናል። እስከዚያው የጭነቱን ዓይነትና የመኪናውን ሰሌዳ በሬድዮ አትጥራ። ጽፈህ በሰው እጅ ወደ መጋዘን ላከው።