መጠጥ በተከለከለበት ዘመን የዲትሮይት ከተማ ኑሮ

ዲትሮይት በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ግዛት የምትገኝ፣ በአውቶሞቢል ፋብሪካዎቿ የታወቀች ከተማ ናት። ከፊቷ፣ ከወንዝ ማዶ፣ ዊንድሶር የምትባል የካናዳ ከተማ ትታያለች። ሁለቱን የሚለየው ወንዝ ስፋቱ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

በዚያ አገር ብዙ ሠራተኛ ደመወዙን በመጠጥ ቤት ጨርሶ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይመለስ ስለ ነበር፣ ሚስትና ልጆች ይቸገሩ ነበር። ይህን ያዩ ሰዎች መጠጥ በሕግ እንዲከለከል ብዙ ዘመን ደከሙ። የሚሺጋን ሕዝብም በ1916 በድምፁ ወሰነ፤ ክልከላው በ1918 ጸና። ከ1920 ጀምሮ ደግሞ የሚያሰክር መጠጥ መሥራት፣ መሸጥና ማጓጓዝ በመላው አሜሪካ ተከለከለ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአገሩ የሚጠጣው መጠን በእርግጥ ቀነሰ። ነገር ግን የብዙ ሰው ልማድ ከሕጉ ጋራ አልተለወጠም። በካናዳ በኩል እስከ 1930 ድረስ መጠጥ ሠርቶ ወደ አሜሪካ መላክ አልተከለከለም ነበር። ስለዚህ ውስኪውና ቢራው በሌሊት በጀልባ ይሻገር ነበር። በብርድ ወራት ወንዙ ሲረጋ፣ ነጋዴዎቹ በበረዶው ላይ አውቶሞቢል ይነዱ ነበር፤ በረዶው የተሰበረ እንደ ሆነ መኪናው ከነጭነቱ ይሰጥማል።

በከተማይቱም ውስጥ ፈቃድ የሌላቸው ስውር መጠጥ ቤቶች በዙ። ከነጋዴዎቹ ጉቦ እየተቀበሉ አይተው እንዳላዩ የሚያልፉ ሹማምንት ነበሩ። ትርፉ ብዙ ስለ ሆነ ወንበዴዎች በጦር መሣሪያ ተጣሉበት፤ በ1931 በአንድ ቤት ውስጥ 3 ሰዎች በጥይት ተገደሉ። በስውር የተሠራ መጥፎ መጠጥም በአገሩ ብዙ ሰው ገደለ፤ ዓይንም አጠፋ።

በ1929 የተነሣው የኢኮኖሚ ችግር ሥራ ባሳጣ ጊዜ፣ ብዙዎች ከመጠጥ ይገኝ የነበረውን ቀረጥ አሰቡ። ክልከላው እንዲሻር ከግዛቶች ሁሉ አስቀድማ በ1933 የተስማማችው ሚሺጋን ናት። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ሕጉ ተሻረ።

ስካር ቤት ማፍረሱ እውነት ነው። ነገር ግን ሕግ ብቻውን ልማድን አይነቅልም፤ ሕዝቡ ካላመነበትና ሹሙ በቅን ካልጠበቀው፣ ትርፉ ለወንበዴ ይሆናል፤ ሕግን ማክበርም ይላላል።

ጥያቄ፤
1ኛ/ ሕጉ የወጣው ስለ ምን ነው?
2ኛ/ የወንዙ ቅርበት ሕጉን እንዴት አደከመው?
3ኛ/ በመንደራችሁ ስካርን ለመቀነስ ከሕግ ሌላ ምን ያስፈልጋል?