ስለ ቫይረስ ዝርያ መለያየትና ስለ መለኪያው ዘዴ

አንድ ቁም ጸሐፊ ዳዊትን ከብራና ወደ ብራና ሲገለብጥ አንዲት ፊደል ቢስት፣ ከእርሱ ቅጂ የሚጽፉ ሁሉ ያችኑ ግድፈት ይዘው ይቀጥላሉ። ስለዚህ ሁለት መጻሕፍት በአንድ ስፍራ አንድ ዓይነት ግድፈት ቢገኝባቸው፣ ምንጫቸው አንድ መሆኑን ሊቃውንት ይገምታሉ። የቫይረሶችን ዝርያ የሚመረምሩ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችም ሥራቸው ከዚህ እምብዛም አይርቅም።

የቫይረስ ጠባይ በአራት ዓይነት የኬሚካል ፊደላት ተጽፎ በውስጡ ይገኛል። የኤድስ አምጪ የሆነው የኤች አይ ቪ ጽሑፍ ወደ 9,700 የሚጠጋ ፊደል አለው። ይህን ጽሑፍ የሚገለብጠው ኤንዛይም ስሕተቱን መለስ ብሎ አያርምም፤ ስለዚህ በአንድ በሽተኛ አካል ውስጥ እንኳ እርስ በርሳቸው የሚለያዩ ብዙ ቅጂዎች ይገኛሉ።

መለያየቱን ለመለካት በመጀመሪያ የቫይረሱ አር ኤን ኤ ከደም ተጣርቶ ይወጣና ወደ ዲ ኤን ኤ ይለወጣል። ከዚያም የሚፈለገው ክፍል ፒ ሲ አር በሚባለው ዘዴ፣ በማሞቅና በማቀዝቀዝ፣ በየዙሩ እጥፍ እየሆነ ይበዛል። ከዚህ በኋላ ቀለል ያለው መንገድ፣ የማይታወቀውን ቁራጭ ከታወቀ ዝርያ ቁራጭ ጋር አሙቆ ማዋሐድ ነው። ዲ ኤን ኤ እንደ ገመድ የተፈተለ ጥንድ ክር ነውና፣ ፊደላቱ በማይስማሙበት ቦታ ገመዱ ይጎብጣል፤ ጄል በሚባል ዝልግልግ ነገር ውስጥ በኤሌክትሪክ ኃይል ሲነዳም የጎበጠው ወደ ኋላ ይቀራል። እጅግ የዘገየው እጅግ የተለየው ነው። ዘዴው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የትኛው ፊደል እንደ ተለወጠ አይናገርም። ይህን ለማወቅ ፊደላቱን አንድ በአንድ ማንበብ ያሻል። የተነበቡት ጽሑፎች ጎን ለጎን ተደርድረው ከ100 ፊደል 8ቱ ቢለያዩ፣ ርቀታቸው 8 በመቶ ይባላል። መሣሪያውም ሊሳሳት ይችላልና፣ በአንድ ንባብ ብቻ የታየች ለውጥ ዳግመኛ ሳትመረመር አትታመንም።

በአገራችን ይህ ምርመራ በሰፊው የተካሄደው በ1994 (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በተጀመረው የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ነው። በ2000 በታተመ ጥናት፣ በኢትዮጵያ በተሠራጨው «ሲ» በሚባለው ዝርያ ውስጥ «ሲ ፕራይም» የተባለ ራሱን የቻለ ቅርንጫፍ መኖሩ ታወቀ። በልዩ ልዩ ዓመታት የተወሰዱ ናሙናዎች ርቀታቸው ከዘመን ጋር እያደገ ሄዷልና፣ ወደ ኋላ ተሰልቶ ቅርንጫፉ ወደ አገራችን የገባው በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንደ ሆነ ተገመተ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ በሽተኞች የታወቁት ግን በ1986 ነበር። እንግዲህ ቫይረሱ ማንም ሳያየው ዓመታት ተመላልሷል ማለት ነው።

የአቀስታ መምህር ይህ ለእኔ ምን ይረባኛል ይል ይሆናል። ላሚቩዲን የተባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት፣ በገልባጩ ኤንዛይም 184ኛ ስፍራ ላይ አንዲት ለውጥ ብትደርስ ኃይሉ እጅግ ይዳከማል። መድኃኒቱን አንዴ እየወሰደ አንዴ እየተወ የሚኖር ሰው በአካሉ ውስጥ የሚያሳድገው ይህን የመሰለውን ቅጂ ነው። ሐኪሙም መድኃኒት ለመለወጥ ሲያስብ ፊደላቱ ይነበቡለት ዘንድ ይጠይቃል። ለዚህም ከደጋው እስከ ላቦራቶሪ ያለው ርቀት መሰናክል እንዳይሆን፣ ጥቂት የደም ጠብታ በልዩ ወረቀት ላይ ተደርጎ በሚገባ ከደረቀ፣ ከእርጥበት ተጠብቆ ሊላክ ይቻላል።