ዝርዝር ገንዘብን ስለ መመርመር

ሰው ገንዘብን ሁለት ጊዜ ይመለከታል፤ አንድ ጊዜ ሲቀበል፤ አንድ ጊዜ ሲሰጥ። ሲቀበል ሐሰተኛ እንዳይሆንበት ይጠነቀቃል፤ ሲሰጥም እንዳይበዛበት ይቈጥራል። ከዚህ በቀር ገንዘብን ለማወቅ ብሎ የሚመለከተው ጥቂት ነው። ነገር ግን ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ሳንቲም የነገሥታትን ስም፤ የሀገርን ታሪክ፤ የሠሪንም ጥበብ ተሸክሞ ይዞራልና ለሚያስተውል ሰው እንደ መጽሐፍ ነው።

በአሜሪካ አገር ብዙ ሰዎች ይህን ምርመራ እንደ ዕረፍት ሥራ ይዘውታል። ወደ ባንክ ሄደው የወረቀት ገንዘብ ይሰጡና ተጠቅልሎ የታሰረ ዝርዝር ይቀበላሉ። በአንዱ ጥቅል ውስጥ 50 ባለ አንድ ሳንቲም፤ ወይም 40 ባለ 25 ሳንቲም ይገኛል። ጥቅሉን ፈትተው እያንዳንዱን በሁለት ወገን ያገላብጣሉ። ይልቁንም የሚፈልጉት በአውሮጳ አቆጣጠር እስከ 1964 ያለ ዓመት የተጻፈበትን ባለ 10 እና ባለ 25 ሳንቲም ነው፤ ያ ከመቶው 90 እጅ ብር ነበርና። ከዚያ በኋላ መንግሥቱ ብሩን አስቀርቶ በመዳብና በኒኬል ተካው። የማይፈለገው ዝርዝር ተመልሶ ወደ ባንክ ይገባል። ብዙ ጥቅል ፈትቶ ባዶ እጁን የሚቀር አለ፤ በመጀመሪያው ጥቅል የሚያገኝም አለ።

ይህ ልማድ ለሸዋ ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። አንኮበር በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ መናገሻ ስትሆን ከበታችዋ ያለችው አልዩ አምባ የነጋዴዎች ገበያ ነበረች። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ንጉሡ የወጣው በዚያው በነጋዴዎች መንገድ ነው። በገበያውም ለትንሹ ነገር አሞሌ ጨው፤ ለትልቁ ነገር ጠገራ ብር ይሰጥ ነበር።

ጠገራ ብር የኦስትሪያ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ነው። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው። ባላገሩ በሬውን ሸጦ ብሩን ሲቀበል ዝም ብሎ በመቀነቱ አይቋጥረውም ነበር። አስቀድሞ በንግሥቲቱ ራስ ላይ ያለውን የዕንቍ ጌጥ ያያል፤ ቀጥሎ በትከሻዋ ያለውን የልብስ ማያያዣ ይመረምራል፤ ከዚያም ከምስልዋ በታች ያሉትን ሁለት ፊደላት ይመለከታል። እነዚህ ፊደላት ሾብልና ፋቢ የተባሉት የሁለት የገንዘብ ቤት ሹማምንት ስም መነሻ ናቸው። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ የደበዘዘ እንደ ሆነ ብሩን ይመልሳል። ባላገሩ የላቲንን ፊደል ማንበብ አልተማረም፤ ዓይኑ ግን ምልክቱን ደብተራ ዳዊቱን እንደሚያውቅ ያውቀው ነበር።

ንግሥቲቱ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1780 ሞተች፤ ብሩም ይህን ዓመት እንደ ያዘ ቀረ። ከዚያ በኋላ በቪየና፤ በኋላም በሮማ፤ በለንደን፤ በፓሪስና በቦምቤ ሲሠራ ያው 1780 ይጻፍበት ነበር። ይህም የሆነው ሕዝብ ያመነበት ምልክት ከተለወጠ እምነቱም አብሮ ስለሚጠፋ ነው። ጣልያን በአውሮጳ አቆጣጠር በ1918 ጠገራውን የሚመስል ሌላ ብር ለኤርትራ አሠርታ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ለይቶ አወቀውና ሳይቀበለው ቀረ። በጠገራው ጠርዝ ዙሪያ ደግሞ ፍትሕና ምሕረት የሚል የላቲን ቃል ተቀርጿል። ሺህ ጊዜ የቈጠረው ሰው እንኳ ጠርዙን አላነበበውም ይሆናል።

ዳግማዊ ምኒልክ በፓሪስ ያሠሩት ብር 1887 ዓ.ም. የሚል ተጽፎበታል። በአንድ ወገን የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፤ በሌላው ዘውድ የደፋ አንበሳ ይታያል። ግማሹ አላድ፤ ከአራት አንዱ ሩብ፤ ከስምንት አንዱ ተሙን ይባል ነበር፤ ትንንሹም ግርሽ አለ። ከእነዚህ ገንዘቦች በአንዳንዱ አንበሳው ግራ እግሩን፤ በሌላው ቀኝ እግሩን አንሥቷል። የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተከፈተ በኋላ እንኳ ባላገሩ የለመደውን ጠገራ ይመርጥ ነበር። በ1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መልክ ያለባቸው መቶኛዎች ወጡ። ከጠላት ወረራ በኋላም በ1937 ዓ.ም. የገንዘብ ዐዋጅ ወጥቶ ዝርዝሩ በሳንቲም ተቈጠረ፤ በሳንቲሞቹ ላይ የተጻፈው ዓመት ግን 1936 ነው። ባለ 50ው ሳንቲም ብር ሲሆን የቀሩት መዳብ ነበሩ። ብዙ ዓመት ቈይተው የተሠሩትም ያንኑ 1936 ይዘው ስለ ወጡ፤ እንደ ጠገራው ሁሉ፤ የተጻፈውን ዓመት ብቻ አይቶ ዕድሜያቸውን መናገር አይቻልም። በ1969 ዓ.ም. የወጡት ሳንቲሞች የአንበሳ ራስ አላቸው፤ በጀርባቸውም ባለ አንዱ ሳንቲም በሁለት በሬ የሚያርስ ገበሬ፤ ባለ 10ሩ የደጋ አጋዘን ተቀርጾበታል። 2002 ዓ.ም. የተጻፈበት ባለ አንድ ብር ደግሞ ከሁለት ዓይነት ብረት የተሠራ ሆኖ ሚዛን አለበት።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት የአክሱም ነገሥታት በወርቅ፤ በብርና በነሐስ ገንዘብ ያሠሩ ነበር። የመጀመሪያው ንጉሥ እንድቢስ ሲሆን ዘመኑም በሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። በእርሱና ከእርሱ በኋላ በነገሡት ገንዘብ ላይ የጨረቃና የክብ ምልክት ነበረ፤ ንጉሥ ኢዛና በክርስቶስ ባመነ ጊዜ ግን ያንን አስነሥቶ በስፍራው መስቀልን አስቀረጸ። የንጉሡ ሃይማኖት መለወጥ ከትንሽዋ ነሐስ እስከ ዛሬ ይነበባል።

እንግዲህ ይህን ሥራ የሚወድ ሰው እንዲህ ያድርግ። ዝርዝሩን በንጹሕ ጨርቅ ላይ ይዘርጋ፤ በየዓይነቱ ይለየው፤ ሳንቲሙን ፊቱን ሳይነካ በጠርዙ ይያዘው። ዓመቱን፤ ምስሉንና ፊደሉን አይቶ በደብተር ይጻፍ። ማግኔት ቢያስጠጋበት ብረት ያለበትን ከናሱ ይለያል። ያረጀውን ገንዘብ በአመድና በሎሚ አይሸው፤ የሚያብረቀርቅ እንዲሆን ብሎ ምስሉን ያጠፋዋልና። የማይፈልገውንም ቈጥሮ ሳያጐድል ይመልስ። ከመሬት ውስጥ የተገኘ ጥንታዊ ገንዘብ ግን የሀገር ቅርስ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ዐዋጅ ቍጥር 209 እንደሚያዝዘው ለሚመለከተው ክፍል ሊነገር እንጂ ሊሸሸግ አይገባም።

የእጅና የዓይን ሥርዓት ይህ ነው። የልብ ሥርዓት ግን ከዚህ ይከብዳል፤ ይህም በምሳሌ ይገለጣል።

በደብረ ብርሃን የሚማር አንድ ልጅ ሳንቲም መመርመር ይወድ ነበር። በክረምት ዕረፍት ወደ አንኮበር ወደ ዘመዶቹ በሄደ ጊዜ አንዲት አሮጊት ጎረቤት ጠሩትና በጨርቅ የተቋጠረ ብር አውጥተው፤ «ልጄ፤ ዓይኔ ደክሟልና ቍጠርልኝ፤ ለሕክምና ልሸጠው ነው፤ ብር ሠሪው በሚዛን ይገዛኛል» አሉት። ልጁ ፈትቶ ቢቈጥር ሰባት ሆነ። ስድስቱ ጠገራ ነበሩ፤ ሰባተኛው ግን ጽሕፈቱ ያልጠፋ የ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ብር ነበር። ይህን ብር ለማግኘት ከሁለት ዓመት በላይ ተመኝቶ ነበር። በቤቱም ከአያቱ የተሰጠው አንድ ጠገራ አለው።

ያን ጊዜ አሳብ መጣበት። «የእኔን ጠገራ አምጥቼ ብለውጠው ቍጥሩ ያው ሰባት ነው፤ ክብደቱም ያው ነው። ብር ሠሪው የሚከፍለው በሚዛን ነውና እርሳቸው አንዲት ሳንቲም አይጐድልባቸውም። ይህ ስርቆት ሊባል አይችልም» አለ በልቡ። እውነትም ሚዛን ቢያመጡ ሚዛኑ ይፈርድለት ነበር። ነገር ግን ራሱን መልሶ፤ «ይህን ነግሬአቸው ፊት ለፊታቸው ልለውጠው እደፍራለሁን?» ብሎ ጠየቀ፤ እንደማይደፍርም አወቀ። ብሩ ከብሩ ጋር እኩል ነበረ፤ እኩል ያልነበረው የሁለቱ ዕውቀት ነው።

ስለዚህ፤ «እማማ፤ ይህ አንዱ ጠገራ አይደለም፤ የአፄ ምኒልክ ብር ነው። ከሌሎቹ ጋር ለሚዛን አይስጡት፤ ታሪኩን የሚያውቅ ሰው የበለጠ ዋጋ ይከፍልበታል» አላቸው። እርሳቸውም በጣታቸው ዳሰስ አድርገው፤ «እኔስ ሁሉንም ጠገራ ስል ኖርሁ፤ ተባረክ ልጄ» አሉ። ብሩ ለሚያውቀው ሰው በደኅና ዋጋ ተሸጠ፤ ከስድስቱም ጠገራ ሁለቱ ሳይሸጡ ለክፉ ቀን ቀሩላቸው። ልጁ ግን ብሩን አላገኘም፤ በደብተሩ ምስሉን ሥሎ ዓመቱን ከመጻፍ በቀር ምንም አልተረፈውም።

ከዚህ ሦስት ነገር መማር ይገባል። መጀመሪያ ትዕግሥት ነው፤ ከብዙ ጭድ መካከል ጥቂቱን ፍሬ የሚለየው የሚታገሥ ነውና። ሁለተኛ ዕውቀት ዕዳ ነው፤ የሚያውቅ ሰው ባላወቀው ላይ ኀይል አለውና፤ ያንን ኀይል ለራሱ ጥቅም ብቻ ቢያደርገው በሐሰተኛ ሚዛን እንደሚሸጥ ነጋዴ ይሆናል። ሦስተኛ መፈለግ ከመውደድ ጋር ይመጠን፤ በጨርቅ ላይ የተዘረጋው ዝርዝር ጸሎትን፤ ትምህርትንና የወላጅን ሥራ ካስረሳ፤ ሰው ገንዘቡን መመርመሩ ቀርቶ ገንዘቡ ሰውን ያዘ ማለት ነው።

ጌታችን ዲናር ባሳዩት ጊዜ የማን መልክ እንዳለበት ጠየቀ፤ የቄሣር ነው በተባለ ጊዜም የቄሣር ለቄሣር እንዲመለስ ፈረደ። ሰው ደግሞ የፈጣሪው መልክ ያለበት ነውና ለፈጣሪው ሊመለስ ይገባዋል። ብዙ እጅ የነካው ገንዘብ መልኩ እንደሚደበዝዝ፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ተንኰል የሚሠራ ሰውም የተቀበለውን መልክ ያደበዝዛል። ስለዚህ በእጁ የገባውን ሳንቲም የሚመረምር ሁሉ አብሮ ልቡን ይመርምር።

ጥያቄ።
፩። ባላገሩ ጠገራ ብር ሲቀበል የትኞቹን ምልክቶች ይመለከት ነበር?
፪። በገንዘብ ላይ የተጻፈው ዓመት ሁልጊዜ ገንዘቡ የተሠራበት ዓመት ነውን? በሁለት ምሳሌ አስረዳ።
፫። ንጉሥ ኢዛና በገንዘቡ ላይ ምን ለወጠ?
፬። ልጁ ብሩን ቢለውጠው ክብደቱ እኩል ሳለ ስለ ምን በደል ይሆን ነበር?