የሮቢ ሸለቆ፦ ትናንት፣ ዛሬ እና ነገ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ሰው ጣርማ በርን ያውቀዋል። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራውን ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ሲወርድ፣ ጋቢውን አውልቆ መስኮት መክፈት ይጀምራል። ቆላው ላይ ሲደርስ 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላትን ሸዋ ሮቢትን ያገኛል። ከከተማዋ ጋር ስም የሚጋራው የሮቢ ወንዝም ከዚሁ ተራራ ወርዶ ወደ አዋሽ አቅጣጫ ያመራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሸለቆውን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ባጭሩ ማሳየት ነው።

ይፋት ጥንትም መተላለፊያ ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተመሠረተው የይፋት ሱልጣኔት የቆመው ደጋውን ከዘይላ ወደብ ጋር በሚያገናኘው የንግድ መስመር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1332 ዐፄ ዓምደ ጽዮን ሱልጣን ሰብረዲንን ድል ሲያደርጉም ከጠቡ ምክንያቶች አንዱ ይኸው ንግድ ነበር። ነገሥታት ቢቀያየሩም ገበያው አልቀረም። የደጋው ሰው ገብስ፣ ባቄላና በግ ይዞ ይወርዳል፤ የቆላው ሰው ማሽላ፣ ማሾና ሽንኩርት ያቀርባል፤ አፋሩ ደግሞ ግመልና ፍየል ይነዳል። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ።

የዛሬው የሸለቆው ኑሮ በመስኖ ላይ ነው። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ፓፓያና ማንጎ የሚለማው ወንዝ እየተጠለፈ ነው። ውኃው ለሁሉም እንዲዳረስ ገበሬዎች የሚመርጡት «የውኃ አባት» ተራ ያወጣል፣ ጠብ ሲነሳ ይዳኛል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841 ለዚህ ዓይነቱ አሠራር ሕጋዊ መሠረት ሰጥቷል። ነገር ግን ከላይ ያለው ሞተር ጥዶ እንደልቡ ከሳበ፣ ለታችኛው ምን ይደርሰዋል? ተራራው ከተራቆተም ክረምት ላይ ጎርፉ ድንጋይና አሸዋ አምጥቶ ቦዩን ይደፍነዋል፤ በጋ ላይ ምንጩ ይነጥፋል። ሽንኩርቱ በአንድ ሰሞን ሲደርስ ደግሞ ማቆያ የሌለው ገበሬ ደላላ በጠራለት ዋጋ ይሸጣል።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ግን የሰላም ጉዳይ ነው። በ2013 ዓ.ም. በጎረቤቷ አጣዬ በደረሰው ግጭት ብዙ ሰው ሞቷል፣ የከተማዋ ሰፊ ክፍል ተቃጥሏል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትም በሕወሓት ኃይሎች ተይዛ በዚያው ወር ተለቃለች። መንገድ ሲዘጋ ሽንኩርት ማሳ ላይ ይበሰብሳል። ገበያ ሲቀር ደግሞ ሰው ጎረቤቱን የሚያውቀው በወሬ ብቻ ይሆናል፤ ያኔ ነው ክፉው።

ስለዚህ የሸለቆው የወደፊት ዕጣ በግድብና በሞተር ብቻ አይወሰንም። ደጋው ደኑን ካልጠበቀ ቆላው ውኃ አያገኝም፤ ቆላው ካልተረጋጋ የደጋው ገበያ ይዘጋል። ለደጋው ሰው ደኑን ለመጠበቁ የሚያገኘው ጥቅም ሊኖር ይገባል፤ የውኃ ተራውም ላይኛውንና ታችኛውን አንድ ላይ አስቀምጦ መወሰን አለበት።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችም የምናነሳው ጥያቄ አለ። ስለዚህ አካባቢ ስንዘግብ «ስንት ሰው ሞተ?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው፤ ግን አይበቃም። ውኃው ዘንድሮ ለማን ደረሰ? ገበያው ቆሟል ወይ? ማን ከማን ጋር መገበያየት አቆመ? እነዚህን ቀድመን ከጠየቅን፣ ጠቡ ሳይፈነዳ ልንሰማው እንችላለን።